ላሟን ገና አይሽጧት

ይድረስ ለውድ አባቴ፣

አሰላሙ አለይኩም። ጉልበትዎ እንዴት ሆነ? እኛ አልሐምዱሊላህ ደህና ነን። ትንሿ እህቴ ለቤት ሠራተኝነት ሳዑዲ የመሄዷን፣ ለዚያም ላሟን የመሸጡን ነገር በስልክ አንሥተውልኝ ነበር፤ መስመሩ እየተቆራረጠ ስላስቸገረን በጽሑፍ አደረግሁት። ቀስ ብለው ያስነብቡት።

ደላላው «ቪዛዋ ወጥቷል፣ የቀረው ገንዘብ ብቻ ነው» ካለዎት እዚያው ላይ ይጠርጥሩት። የቤት ሠራተኛ ቪዛ የሚወጣው በአሠሪው ስም ነው፤ ከፋዩም እሱ ነው። ከፊሉ፣ ማለት አሠሪው፣ ሙሳነድ በሚባለው የሳዑዲ መንግሥት ድረ ገጽ ገብቶ ቪዛውን ያወጣል፤ ከዚያ መክተብ የሚሉትን የሳዑዲ የሠራተኛ አስመጪ ቢሮ ይመርጣል፤ መክተቡም አገር ቤት ፈቃድ ካለው ኤጀንሲ ጋር ይዋዋላል። የእኛም አዋጅ 923/2008 የቪዛውን፣ የደርሶ መልስ ትኬቱን፣ የሥራና የመኖሪያ ፈቃዱን፣ የኢንሹራንሱንም ወጪ የጣለው በአሠሪው ላይ ነው። ከእሷ የሚወጣው ለፓስፖርት፣ ለጤና ምርመራ፣ ለክትባት፣ ለልደት ሰርተፍኬት፣ ከወንጀል ነጻ ለሚለው ወረቀት፣ ለሙያ ብቃት ምዘናና ኮንትራቱን ለማረጋገጥ ነው። ኤጀንሲው ከሠራተኛ የአገልግሎት ክፍያ መቀበል አይፈቀድለትም። ለዚህ ለዚህ ላም አይሸጥም።

ደላላው «ፍሪ ቪዛ አለ» ካለ ደግሞ ጭራሽ አይስሙት። እንዲህ የሚባል ቪዛ በሕግ የለም። አንድ ሰው በስሙ ያወጣውን ቪዛ ይሸጥና «ሄደሽ ያገኘሽበት ሥሪ» ይላታል። ከሌላ ሰው ቤት ስትሠራ ከተያዘች ወደ ተርሒል፣ ከአገር የሚባረሩ ሰዎች ወደሚታሰሩበት፣ የምትገባው እሷ ናት። ሻጩም ኢቃማ፣ ማለት የመኖሪያ ፈቃድ፣ ላድስልሽ እያለ በየዓመቱ እጁን ይዘረጋል፤ የቤት ሠራተኛ ኢቃማ ክፍያው በዓመት 600 ሪያል ሆኖ፣ ያውም የእሱ ዕዳ ሆኖ ሳለ።

ኮንትራቱ ሲደርሳት ሳትፈርም ፎቶውን ትላክልኝ። መጀመሪያ የማየው የከፊሉን መታወቂያ ቁጥር ነው። አሥር አሃዝ ነው፤ የአገሩ ዜጋ ከሆነ በ1 ይጀምራል፣ በ2 ከጀመረ ግን ሰውየው ራሱ በኢቃማ የሚኖር የውጭ ሰው ነው። ከዚያ ከተማውን፣ ደሞዙን፣ ሙያውን አያለሁ። በኋላ ቪዛው እጇ ሲገባ የከፊሉ ስም ከኮንትራቱ ጋር አንድ መሆን አለበት። ካልገጠመ አትሳፈር፤ እዚህ ከደረሰች በኋላ ሕጋዊ አሠሪዋ ቪዛው ላይ ያለው ሰው እንጂ ደላላው የነገራት አይደለም።

ከገባች በኋላ ያሉት 90 ቀናት ከሁሉም ይበልጣሉ። የሙከራ ጊዜዋ ነው፤ ኢቃማዋም በእነዚሁ ቀናት ውስጥ መውጣት አለበት። በዚህ ጊዜ ሥራ አልሆንልሽ ካላት መክተቡ ለከፊሉ ሌላ ሠራተኛ ይተካለታል ወይም ገንዘቡን ይመልሳል። እንግዲህ መክተቡ «ታገሺ፣ ትለምጂዋለሽ» እያለ ቀኑን የሚያስቆጥረው ለእሷ አዝኖ አይደለም። ቀኑ ካለፈ «ከከፊልሽ ጋር ተነጋገሪ» ነው መልሱ። ችግር ካለ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ትናገር።

ከቤት መጥፋት ግን ነገሩን ያበላሸዋል። ከፊሉ በስልኩ ሁሩብ፣ ማለት «ከሥራ ጠፍታለች» ብሎ፣ ካስመዘገበባት ኢቃማዋ ከእንግዲህ አያሠራትም፤ በደሏም ወደ ጎን ቀርቶ ጥፋቷ ብቻ ይታያል። በፈረንጆቹ 2021 የወጣው አሠሪ የመቀየር ነጻነት ለድርጅት ሠራተኞች ነው፣ የቤት ሠራተኞችን አላካተተም። ለእነሱ ነቅል፣ ማለት ወደ ሌላ አሠሪ መዛወር፣ የሚሆነው በከፊሉ ፈቃድ ነው። ሆኖም ያለ እሱ ፈቃድ የሚቻልበትም አለ፤ የሦስት ወር ደሞዝ ከያዘባት፣ ለሌላ ሰው ካከራያት፣ ወይም ኢቃማዋ ካለቀ 30 ቀን አልፎ ካላደሰላት። ይህን ለማስረዳት ማስረጃ ያስፈልጋል፤ ስለዚህ ደሞዟን በእጅ ሳይሆን በባንክ ትቀበል። አቤቱታ የሚቀበለው የሳዑዲ የሠራተኛ ሚኒስቴር ስልክ 19911 ነው፤ በቃሏ ታጥናው፣ የእጅ ስልኳን የሚቀሙ አሉና።

ፓስፖርቷንም አሠሪ መያዝ በሕግ አይፈቀድለትም፤ የሚይዘው ግን ብዙ ነው። ስለዚህ የፓስፖርቷን፣ የቪዛዋንና የኮንትራቷን ኮፒ ሁለት ሁለት አስነሥተው አንዱን ከቁርአንዎ ጋር ሳጥኑ ውስጥ ያኑሩልኝ፤ ሌላውን እኔው ጋ ትላክ።

ዱዓዎ አይለየን።

ልጅዎ፣ ከሪያድ