የበረንዳ መስታወት በር ዝግ ሆኖ ይታይ

ይድረስ ለጋዜጣው አዘጋጅ፦

ሳሎንን ከበረንዳ ስለሚያገናኙ ትላልቅ የመስታወት በሮች ያወጣችሁትን ጽሑፍ አነበብኩት። ፎቶዎቹ ያምራሉ። ግን ሁሉም ላይ በሩ ወለል ብሎ ተከፍቷል። ዝግ ሆኖ የሚታይበት አንድም ፎቶ የለም። ሰው እንዲህ አይቶ ሲመርጥ ብዙ ጊዜ ዓይኑ የሚያርፈው ታጣፊው በር ላይ ነው፤ ለአብዛኛው ቤት ግን ታጣፊው አያስፈልገውም ባይ ነኝ። ሥራዬ አሉሚኒየምና መስታወት ነው፤ ታጣፊም፣ ተንሸራታችም፣ ተራ ተከፋች በርም እገጥማለሁ፣ ስለዚህ አንዱን አወድሼ የማተርፈው ነገር የለም።

እስቲ ቀኑን አስቡት። ሌሊት በሩ ዝግ ነው። ሲበርድ፣ ሲዘንብ፣ አቧራ ሲነሳ፣ ቤት ውስጥ ሰው ሳይኖር ዝግ ነው። ሙሉ በሙሉ የሚከፈተው እንግዳ ሲበዛና አየሩ ደስ ሲል ብቻ ነው። ታዲያ የምንኖረው ከዝጉ በር ጋር አይደለም እንዴ?

ቦታው 4 ሜትር ስፋት አለው እንበል። ባለሁለት መዝጊያ ተንሸራታች ከገባበት ግማሹ ይከፈታል፣ 2 ሜትር ገደማ ማለት ነው። በሦስት ሐዲድ ላይ የሚሄድ ባለሦስት መዝጊያ ከሆነ ሁለት ሦስተኛው ይከፈታል። አራት መዝጊያ ያለው ታጣፊ ደግሞ ዘጠና በመቶ ያህሉን ይለቃል። እዚህ ላይ ታጣፊው አሸነፈ፣ ሻጩም የሚያወራው ይህንን ብቻ ነው። አሁን ዝጉት። መዝጊያዎቹ የሚገናኙበት ሦስት ቋሚ ፍሬም ፊታችሁ ይቆማል፣ እያንዳንዱም በተለመደው አሉሚኒየም ከ10 ሴንቲሜትር በላይ ይወፍራል። ያ ሁሉ ወጪ የወጣው ደጁን ለማየት ነበር፤ አሁን ደጁን የምታዩት በአራት ጠባብ መስኮት ነው። ቀጭን የተባለው ተንሸራታች ግን መገናኛው 2 ወይም 3 ሴንቲሜትር ቢሆን ነው።

ታጣፊው ሲከፈትም ቦታ ይወስዳል። ታጥፈው የተደራረቡት መዝጊያዎች አንድ ጎን ላይ ቆመው ወደ በረንዳው አንድ ሜትር ያህል ይገባሉ። ጠባብ በረንዳ ላይ ወንበር የሚቀመጥበት ቦታ ነው የሚሄደው። ማጠፊያው መሃል የልጅ ጣት ሊገባ እንደሚችልም አትርሱ። ደግነቱ የመዝጊያው ቁጥር ጎዶሎ ከሆነ አንዱን እንደ ተራ በር ለብቻው እየከፈቱ መውጣትና መግባት ይቻላል፣ ታጣፊ የግድ ይሁንልኝ የሚል ሰው እንደዚያ ያሠራው።

ክብደቱን ማንም አያወራም። መስታወት በአንድ ካሬ ሜትር፣ በአንድ ሚሊሜትር ውፍረት 2.5 ኪሎ ይመዝናል። ሁለቱም መስታወት እያንዳንዳቸው 6 ሚሊሜትር የሆኑበት ድርብ መስታወት በአንድ ካሬ 30 ኪሎ ሆነ ማለት ነው። 2 ሜትር ስፋት፣ 2.40 ቁመት ያለው አንድ መዝጊያ ያለ ፍሬሙ 144 ኪሎ ይደርሳል። ይህን የሚሸከመው ማነው? አብዛኛው ተንሸራታች ከሥር ባለው ሮለር ስለሚሄድ ክብደቱ ወለሉ ላይ ያርፋል። ከላይ የሚንጠለጠለው ታጣፊ ግን ክብደቱ በሙሉ ከበሩ በላይ በተጋደመው የኮንክሪት ተሸካሚ፣ ማለትም ቢሙ ላይ ነው፣ ሲከፈት ደግሞ ሁሉም ተሰብስቦ አንድ ጥግ ላይ ይጫናል። ቢሙ ጥቂት ሚሊሜትር ቢጎብጥ በሩ መታሸት፣ ከዚያም አልዘጋ ማለት ይጀምራል። ኮንክሪት ደግሞ ጭነት ሲቆይበት ከዓመት ዓመት ቀስ እያለ መጉበጡን ይቀጥላል። ዛሬ እንደ ቅቤ የሚንሸራተት በር ከሦስት ዓመት በኋላ የሚያስቸግረው ለዚህ ነው፣ ባለቤቱም የሚወቅሰው በሩን ነው። ስለዚህ በቆየ ቤት ላይ ግድግዳ አፍርሶ ከላይ የሚንጠለጠል በር ማስገባት የሚፈልግ ሰው ከሻጩ በፊት መሐንዲስ ያናግር።

አሉሚኒየሙ ራሱም ይንቀሳቀሳል። 6 ሜትር የሆነ ሐዲድ ሙቀቱ በ40 ዲግሪ ሲለዋወጥ ከ5 ሚሊሜትር በላይ ይረዝማል ወይም ያጥራል። ጥቁር ቀለም የተቀባ ፍሬም ፀሐይ ላይ ከነጩ በጣም ይግላል። ግድግዳና ፍሬም መካከል ክፍተት ትቶ በሚለጠጥ ሲሊኮን መሙላት የሚያስፈልገው ለዚህ ነው። በሲሚንቶ ግጥም አድርጎ የሚያስረውን ሠራተኛ አስቁሙት።

የአየር ጉዳይ ላይ የሚገርመው፣ በደንብ የሚዘጋው ተራው ተከፋች በር ነው። ሲዘጋ ዙሪያውን ያለው ጎማ ተጨምቆ ይያዛል። የተለመደው ተንሸራታች በብሩሽ ስለሚታሸግ ንፋስና አቧራ ትንሽ ያሳልፋል። በሁለቱ መካከል ሊፍት ኤንድ ስላይድ የሚሉት አለ። እጀታውን ግማሽ ዙር ስታዞሩት መዝጊያው በሙሉ ብድግ ብሎ ሮለሩ ላይ ይወጣል፣ ከዚያ በአንድ እጅ ይሄዳል፤ እጀታውን ስትመልሱት ክብደቱ ተመልሶ ጎማው ላይ ቁጭ ይላል፣ ያኔ ንፋስም ድምፅም ይቀንሳል። ዋጋው ከተራው ተንሸራታች ይከብዳል። ነፋሻ ቦታ ላይ ላለ ቤት፣ ወይም መንገድ ዳር ላለ ቤት፣ እኔ ብሆን ሌላ ነገር ላይ ቆጥቤ እሱን አስገባለሁ። ቦታችሁ ከ2 ሜትር ካልበለጠ ግን ምንም አትቸገሩ፣ ባለሁለት መዝጊያ ተከፋች በር ይበቃችኋል።

ግድግዳ ውስጥ ገብቶ የሚጠፋውንም በር ብዙ ሰው ይጠይቀኛል። ያምራል፣ ግን የሚወሰነው ግድግዳው ሳይሠራ ነው። እ.ኤ.አ. በ1930 ሚስ ቫን ደር ሮሄ የተባለው ጀርመናዊ አርክቴክት በዛሬዋ ቼክ ብርኖ ከተማ ውስጥ የሠራው የቱገንድሃት ቤት ሁለት ግዙፍ መስታወቶች አሉት፣ በሞተር ወደ ምድር ቤቱ ወርደው ይሰወራሉ። ያ ሊሆን የቻለው ቤቱ ከመሠረቱ ያንን ታስቦ ስለተሠራ ነው። ያለቀ ግድግዳ ላይ የሚሞክር ሰው ግን ሊጸዳ የማይችል፣ ብርድ የሚያስገባ ባዶ ኪስ ግድግዳው ውስጥ ይተርፈዋል።

መስታወቱን በተመለከተ፣ አንድ ነጠላ መስታወት ሙቀት የሚያሳልፍበት መጠን በባለሙያ መለኪያ 5.7 አካባቢ ነው። ተራ ድርብ መስታወት ወደ 2.8 ያወርደዋል፤ ሙቀት የሚመልስ ስስ ሽፋን ያለውና መሃሉ አርጎን ጋዝ የተሞላው ደግሞ 1.1 አካባቢ ይደርሳል። ግን ድርብ መስታወት ፀሐይን አይከለክልም። በሩ ወደ ምዕራብ የሚያይ ከሆነ የከሰዓት ፀሐይ ዝቅ ብላ ስለምትመጣ የበረንዳው ጣሪያም አያስጥላትም። መጋረጃ ብትሰቅሉም ሙቀቱ መስታወቱን አልፎ ገብቷል። ጥላው ከውጭ ነው መሆን ያለበት፣ ካልሆነም የፀሐይ ሙቀት የሚቀንስ መስታወት እዘዙ። ፍሬሙ አሉሚኒየም ከሆነ መሃሉ ላይ ሙቀት የሚቆርጥ ፕላስቲክ እንዳለው አረጋግጡ፣ ከሌለው ጥሩው መስታወት ከንቱ ነው።

የመስታወቱ ዓይነትም የደህንነት ጉዳይ ነው። ቴምፐርድ የሚባለው ከ600 ዲግሪ በላይ ሞቆ በንፋስ በፍጥነት የቀዘቀዘ ነው፤ ሲሰበር ወደ ጥቃቅን፣ ያን ያህል ስለት ወደሌላቸው ፍርፋሪዎች ይበተናል። ከተሠራ በኋላ አይቆረጥም፣ አይበሳም፣ ስለዚህ ልኬቱ ላይ ስህተት ከተገኘ መስታወቱ ተጥሎ እንደ አዲስ ይታዘዛል። ላሚኔትድ ደግሞ ሁለት መስታወት በፕላስቲክ የተጣበቀ ነው፣ ቢሰነጠቅም አይወድቅም፣ ለሌባም ያስቸግራል። ደጅ በኩል ቴምፐርድ፣ ውስጥ በኩል ላሚኔትድ ቢሆን እመርጣለሁ። ሰው ክፍት መስሎት እንዳይላተም ደግሞ በትልቅ ሰውም በልጅም ዓይን ከፍታ ላይ የሚታይ ምልክት ለጥፉበት።

አሁን ከሁሉም በላይ ስለሚያሳስበኝ ስለ ደፉ ልናገር። ፎቶዎቻችሁ ላይ የሳሎኑና የበረንዳው ወለል እኩል ነው። ለአዛውንት፣ በተሽከርካሪ ወንበር ለሚሄድ ሰው፣ ድክ ድክ ለሚል ሕፃን እንደዚያ ያለ ደፍ ትልቅ ነገር ነው፣ እኔም እደግፈዋለሁ። ችግሩ ውሃው ነው። ከፍ ያለ ደፍ ውሃን ይመልሳል፣ እኩል የሆነው ግን አይመልስም። ስለዚህ በሩ ፊት ለፊት በወንፊት ብረት የተሸፈነ የውሃ ቦይ ያስፈልጋል፣ የበረንዳው ወለልም በአንድ ሜትር 1 ወይም 2 ሴንቲሜትር እያዘቀዘቀ ከቤቱ መራቅ አለበት። ይህ ሁሉ የሚወሰነው ሊሾ ሳይፈስ ነው። ሊሾ ካለቀ በኋላ የመጣ የበር ሠራተኛ ሐዲዱን ከወለሉ በላይ ከማስቀመጥ ሌላ አማራጭ የለውም፣ ከዚያ በኋላ ያንን ጉብታ ሲያደናቅፋችሁ ነው የምትኖሩት።

ሐዲዱ ራሱ ውስጡ ውሃ መያዙ አይቀርም፣ እንዲያወጣው ከፊቱ ትናንሽ ቀዳዳዎች ተሠርተውለታል። ብዙ ቤት ሄጄ ያየሁት እነዚህ ቀዳዳዎች ሲሊኮን ተለቅልቆባቸው ነው። ሠራተኛው ክፍተት አገኘሁ ብሎ ደፈነው። ዝናብ ሲመጣ ሐዲዱ ይሞላል፣ ሞልቶም ወደ ሳሎን ይፈስሳል፣ የእንጨት ወለል ከሆነ ያብጣል። የመጨረሻውን ክፍያ ሳትከፍሉ አንድ ጆግ ውሃ ሐዲዱ ውስጥ አፍስሱና ቆማችሁ እዩ። ውሃው ወደ ደጅ መውጣት አለበት። ቀርቶ ከተንጣለለ ወይም ወደ ውስጥ ከሄደ ሠራተኛው እዚያው እያለ ያስተካክለው።

ደግሞ ማሳያ ክፍል ውስጥ ያለውን በር አይታችሁ አትወስኑ፣ እሱ ዝናብም አቧራም አያውቅም። ሻጩ ከሁለት ሦስት ዓመት በፊት የገጠመውን በር እንዲያሳያችሁ ጠይቁት። ባለቤቱን አስፈቅዳችሁ በአንድ እጅ ሳቡት፣ ጥግ ጥጉ ላይ ጎማው እንዳልተላጠ ተመልከቱ፣ ጎንበስ ብላችሁ ቀዳዳዎቹን ፈልጉ። አላሳይም ካለ ሌላ ሻጭ ፈልጉ።

ከአክብሮት ጋር
አንድ የአሉሚኒየምና መስታወት ሠራተኛ