ከ57 ኪሎ ወደ 60 ኪሎ የምወጣበት ምክንያት

ይድረስ ለተከበሩ አባቴ፣

ለጤናዎ እንደምን ሰንብተዋል? የጉልበትዎ ሕመም ቀለል ብሎልዎት ይሆን እያልኩ ሳስብ ነው የሰነበትኩት። ባለፈው በስልክ «ልጄ፣ ያሸነፍክበትን የቦክስ ክብደት ምድብ ምን ጎድሎህ ትተዋለህ?» ብለው ሲጠይቁኝ በቅጡ ሳልመልስልዎት መቅረቴ ስለከነከነኝ፣ ምክንያቴን በጽሑፍ ላስረዳዎት ተቀምጫለሁ።

እርስዎ የሚያውቁት ሜዳሊያዎቹን ነው፤ ከእነርሱ በፊት ያለውን ሌሊትና ማለዳ ግን ደብቄዎት ኖሬአለሁ። በአማተር ቦክስ ተወዳዳሪው በሚጋጠምበት ቀን ሁሉ ጠዋት ስለሚመዘን፣ እንደ ፕሮፌሽናሎቹ በዋዜማው ተመዝኖ፣ በልቶና ጠጥቶ፣ አገግሞ ወደ ሪንግ መግባት የለም። የእኔ ሰውነት ደግሞ ሳላስጨንቀው ሲቀር 61 ኪሎ ተኩል ይመዝናል። ባለፈው ውድድር በግማሽ ፍጻሜው ዕለት ማለዳ በባዶ እግሬ ሚዛኑ ላይ ስወጣ 57 ኪሎ ከ200 ግራም፣ ማለትም ከምድቤ ጣሪያ 200 ግራም በላይ፣ አሳየ። ወፍራም ልብስ ደራርቤ 40 ደቂቃ ገመድ ዘለልኩ፤ አፌን ለማርጠብ ያህል ውሃ ተጉመጥምጬ ጠብታ ሳልውጥ ስተፋው፣ ምላሴ ከላንቃዬ ጋር ተጣብቆ ነበር። በእንዲህ ያለ ጠዋት ሲደውሉልኝ ስልኩን የማላነሳው፣ የደረቀ ድምፄን ሰምተው እንዳይጨነቁ ብዬ ነው፤ ይቅር ይበሉኝ። ሚዛኑን አለፍኩ፣ ግጥሚያውንም አሸነፍኩ፤ ነገር ግን በሦስተኛው ዙር ዓይኔ ያየውን ክፍተት እጄ ዘግይቶ ይደርስበት እንደነበር እኔም አሠልጣኜም እናውቃለን።

ስለ ዩክሬናዊው ቦክሰኛ ቫሲል ሎማቼንኮ ነግሬዎት እንደሆነ አላስታውስም። ከልጅነቱ ጀምሮ ያሠለጠነው አባቱ አናቶሊ ነው፤ የእግር አጣጣሉ እንዲሠላለት ብሎ ዳንስ እንዲማር ያደረገውም እርሱ ነው። ልጁ በአማተርነት 396 ጊዜ አሸንፎ የተሸነፈው 1 ጊዜ ብቻ ነው። እ.ኤ.አ. በ2008 በቤጂንግ ኦሊምፒክ በ57 ኪሎ ወርቅ ወሰደ፤ ይህ ምድብ ከለንደኑ ኦሊምፒክ በፊት ሲቀር ወደ 56 ኪሎ ከመውረድ ይልቅ ወደ 60 ኪሎ ወጥቶ፣ በ2012 ሁለተኛውን ወርቅ አጠለቀ። እኔ ከእርሱ ጋር የምወዳደር ሰው አይደለሁም፤ ሆኖም የለመዱትን ምድብ መተው ያገኙትን ክብር መጣል አለመሆኑን የተረዳሁት የእርሱን ግጥሚያዎች ደጋግሜ በማየት ነው።

መውጣቱ ዋጋ እንደሚያስከፍል ግን አልሸሽግዎትም። ይኸው ሰው ፕሮፌሽናል ከሆነ በኋላም ምድብ እየጨመረ ሄዶ በ2018 ከሆርሄ ሊናሬስ ጋር ሲገጥም፣ በስድስተኛው ዙር በቀኝ ቡጢ ተመትቶ ወለሉ ላይ ተቀምጧል፤ ተነሥቶ በአሥረኛው ዙር ጉበት ላይ ባሳረፈው ግራ ቡጢ ቢያሸንፍም። እኔም ከ60 ኪሎዎቹ ጋር ልምምድ ከጀመርኩ ወዲህ፣ ቀድሞ በመከላከያዬ ላይ አርፎ ይቀር የነበረው ቡጢ ሁለት እርምጃ ወደ ኋላ እየገፋኝ ነው፤ የግራ እጄ ቀጥታ ምትም እንደ ድሮው ተጋጣሚዬን ባለበት አያቆመውም። ስለዚህ ፊት ለፊት መቆሜን ትቼ፣ ከመታሁ በኋላ ወደ ጎን መውጣትንና ጎድን ላይ መሥራትን እንደ ጀማሪ እየተማርኩ ነው። አሠልጣኜ ለዚህ ብዙ ወራት ያስፈልጋል ይላል፤ እኔም አልቸኩልም። ክብደቱንም በጡንቻ እንጂ እንዲያው በመብላት አልጨምረውም።

የመጀመሪያዎቹን ግጥሚያዎች ልሸነፍ እችላለሁ፤ ያን ጊዜ «ነግሬህ ነበር» እንደማይሉኝ አውቃለሁ፣ ብቻ በልብዎም እንዳያዝኑብኝ እለምንዎታለሁ። በመጪው ውድድር ጠዋት ግን፣ ሚዛኑ ላይ ከመውጣቴ በፊት አንድ ብርጭቆ ውሃ ጠጥቼ እኔው ራሴ እደውልልዎታለሁ።

አክባሪ ልጅዎ