ሌሊት ለምታምጥ ላም ማን ይድረስላት?

ለጋዜጣው አዘጋጅ፣ ጤና ይስጥልኝ። ባለፈው ስለ ወተት መወደድ ያወጣችሁትን አንብቤ ነው ይችን የምፅፈው። ፉርሽካው፣ ፋጉሎው፣ ትራንስፖርቱ ብላችኋል፣ ልክ ናችሁ። ግን ላም ካልወለደች ወተት የሚባል ነገር የለም እኮ፣ ስለ መውለዷ አንዲት መስመር አላየሁም።

እኔ ሱሉልታ ነኝ፣ ከእንጦጦ ወዲያ። አራት ላም ነበረኝ አሁን ሶስት ናቸው። የሄደችው የሀበሻ ዘር ጊደር ነበረች፣ ትንሽዬ፣ ህፃን እንኳ ቢያልባት የማትራገጥ የምትመስል። ኮርማ ስትፈልግ አዳቃይ ጠራሁ፣ በሞተር መጣ፣ የኮርማ ዘር በርዶ ከሚቀመጥበት የናይትሮጅን እቃ የሆልስታይን (የትልቁን የፈረንጅ ከብት) አባለዘር አውጥቶ አዳቀላትና ሄደ። ስንት ኪሎ ናት ዳሌዋስ ይችላል ወይ ያለ የለም፣ እኔም ብሆን በጆግ የምትታለብ ጥጃ ነበር በአይኔ ላይ የምትዞረው። በኋላ ነው የሰማሁት፣ ጊደር መዳቀል ያለባት ካደገች በኋላ ከሚኖራት ክብደት ከ60 እስከ 65 በመቶ ስትደርስ ነው፣ ሚዛን ከሌለ ደግሞ ደረቷን ዙሪያውን በሜትር ለክቶ መገመት ይቻላል። ለትንሽ ጊደር ጥጃው አነስ የሚል የጀርሲ ዘርም አለ። ይሄን ለመጠየቅ ሁለት ደቂቃ አይፈጅም ነበር።

9 ወር ከምናምን ሞልቷት አንድ ሌሊት ምጥ ያዛት። ሽርት ውሃው ፈሰሰና ሁለት እግር ብቅ አለ። ሐኪም ጋር ስደውል ስልኩ ዝግ ነው፣ ሌላው ይጠራል አይነሳም፣ ሶስተኛው ሲነጋ እመጣለሁ አለ። ጎረቤት ተጠራ፣ ገመድ መጣ፣ ልጄ በስልክ ባትሪ እያበራልን ለአራት ሆነን ጎተትን። ሰዎቹን አልወቅስም፣ በዛ ብርድ ጋቢያቸውን ጥለው ነው የደረሱልኝ። ጎተትን፣ ትንሽ መጣ፣ ቆመ፣ ደግመን ጎተትን፣ እሷ መጮህ እስኪያቅታት።

ሐኪሙ ነግቶ መጣና እጁን ከቶ ዝም አለ። የጥጃው ጭንቅላት ወደ ጎኑ ዞሮ ቀርቷል። እኛ እግር አየንና ጎተትን፣ አፍንጫው የታለ ያለ ሰው የለም! በትክክል ሲመጣ ሁለቱ የፊት እግሮች ቀድመው አፍንጫው እላያቸው ላይ ተኝቶ ነው፣ ኮቴው ወደ መሬት እያየ። ኮቴው ወደ ሰማይ ካየ ብዙውን ጊዜ የኋላ እግር ነው፣ ወደ ላይ ሲዳሰስ ቋንጃ ከተገኘ በቃ የኋላ ነው። ጭንቅላት ሲዞር ደግሞ መጎተት ሳይሆን ምጡ ፋታ ሲሰጥ ጥጃውን ወደ ውስጥ መልሶ ቦታ አግኝቶ ማቃናት ነው፣ እሱም የለመደ እጅ ይፈልጋል። እኛ በሳብን ቁጥር ስናጠብቀው ነው ያደርነው። ጥጃው ሞቶ ወጣ፣ እሷም ዳሌዋ ውስጥ ነርቭ ተጎድቶባት መቆም አቃታት፣ ሳምንት ሙሉ ጭድ ላይ እያገላበጥናት አልተነሳችም።

ሐኪሙ እኔንም ተቆጥቶኛል፣ በባዶ እጅህ ነው የገባኸው ብሎ። ለካ ብሩሴሎሲስ የሚሉት የውርጃ በሽታ በፈሳሹና በእንግዴ ልጁ ወደ ሰው ይተላለፋል። ጓንት ስንት ብር ነው፣ እኔ ግን ቤቴ አልነበረም።

ፈረስ ደግሞ ይብሳል። አንድ የሰፈራችን ባለ ጋሪ ባዝራው ስታምጥ እንደ ላም መስሎት ቁጭ ብሎ ጠበቀ። ላም ውሃዋ ከፈሰሰ በኋላ አንድ ሁለት ሰዓት ልትወስድ ትችላለች (አጥብቃ እያማጠች ግማሽ ሰዓት ለውጥ ከሌለ ግን ሰው መጥራት ነው)፣ ባዝራ ግን ውሃዋ ከፈሰሰ በ20 እና 30 ደቂቃ ውስጥ መገላገል አለባት። ቀድሞ የሚታየው ነጣ ያለ ሽፋን መሆን ሲገባው የሱ ቀይ ከፋይ የመሰለ ነበር፣ ያ ማለት እንግዴ ልጁ ያለጊዜው ተላቋል፣ ግልገሉ አየር የለውም፣ ወዲያው ሽፋኑን ቀዶ ግልገሉን ማውጣት ነው። እሱ ሰው ሊጠራ ወጣ፣ ሲመለስ 11 ወር የጠበቀው ውርንጭላ አልቋል። እንግዴ ልጁም ከወለደች በኋላ ሳይወጣ ቢቆይ ለላም እስከ 12 ሰዓት ድረስ ይታገሱታል፣ ለባዝራ ግን ከወለደች 3 ሰዓት ካለፈ አደጋ ነው። በእጅ መጎተት ወይ ድንጋይ ማንጠልጠል ለሁለቱም አይሆንም።

ታዲያ የምለው፣ ከተማ ውስጥ ተረኛ ፋርማሲ እንዳለ ለኛም ለሌሊት ተረኛ ሐኪም ይመደብልን፣ በነፃ አላልኩም፣ ተዋጥተን እንከፍላለን። ቢሾፍቱ የእንስሳት ህክምና ኮሌጅ ያለው ከኛ ሩቅ አይደለም፣ የተማረ ሰው ጠፍቶ ነው አልልም። አዳቃዮችም አባለዘሩን ከማውጣታቸው በፊት ጊደሯን ይለኳት። እናንተም ከወተት ዋጋው ጎን አንድ ጥግ ስጡንና ይሄን ነገር የሚያውቁ ሰዎች ይፃፉበት።

ከቀሩኝ ሶስቱ አንዷ ወሯ ገብቷል። ጓንት ገዝቻለሁ፣ የሶስት ሐኪም ስልክ በረቱ ግድግዳ ላይ በከሰል ፅፌያለሁ፣ ሌሊት የትኛው እንደሚያነሳ ግን እስካሁን አላወኩም።

አንባቢያችሁ፣ ከሱሉልታ