የሥነ ምግብ ክበብ፦ እርጎና ፍራፍሬን የመዘንንበት ዓመት

የሥነ ምግብ ክበባችን የ2017 የትምህርት ዘመንን ያሳለፈው አንድ ጥያቄ ይዞ ነው፤ ለመክሰስ እርጎ ይሻላል ወይስ ፍራፍሬ? ጥያቄውን ያነሱት የ7ኛ ክፍል አባላት ናቸው። ከትምህርት ቤት ሲወጡ በኪሳቸው ያለው ብር አንዱን እንጂ ሁለቱን አይገዛም፤ እዚህ ባሕር ዳር ደግሞ ወተት ቤቱም ፍራፍሬ ቤቱም መንገዳቸው ላይ ነው። ጥቅምት ላይ በመጀመሪያው ስብሰባ እጅ አውጡ ስንል አብዛኛው ለእርጎ ድምፅ ሰጠ። ምክንያት ሲጠየቁ «እርጎ ያጠነክራል፣ ፍራፍሬ ግን ውሃ ነው» አሉ። ይህ አነጋገር በየቤቱ የሚሰማ ስለሆነ እውነትነቱን ልንፈትን ወሰንን።

መጀመሪያ የምግብ ይዘት ሰንጠረዥ ማንበብ ተማርን። ቁጥሮቹ እንደ ላሙ መኖ፣ እንደ ፍሬው ዝርያና ብስለት ከፍ ዝቅ ይላሉ፤ ግምታቸው ግን የታወቀ ነው። ቅባቱ ያልወጣለት፣ ስኳር ያልገባበት 100 ግራም እርጎ 61 ኪሎ ካሎሪ ገደማ፣ 3.5 ግራም ፕሮቲን፣ ወደ 120 ሚሊ ግራም ካልሲየም አለው። ቫይታሚን ሲ ግን ከሞላ ጎደል የለውም፤ ግማሽ ሚሊ ግራም ብቻ ነው። አሰር (ፋይበር) ደግሞ ጭራሽ የለውም። ያንኑ ያህል ሙዝ 89 ኪሎ ካሎሪ፣ 1 ግራም ገደማ ፕሮቲን፣ 5 ሚሊ ግራም ካልሲየም፣ 2.6 ግራም አሰርና ወደ 360 ሚሊ ግራም ፖታሲየም ይዟል። ፓፓያ 60 ሚሊ ግራም ያህል ቫይታሚን ሲ፣ ማንጎ 36፣ ዘይቱን ደግሞ 228 ሚሊ ግራም አላቸው።

ቁጥር በሰሌዳ ላይ ሲጻፍ ተማሪ ቶሎ ይረሳዋል። ስለዚህ አባላቱ ወደ ኪሎ እንዲቀይሩት አደረግን። በአንድ ብርጭቆ እርጎ፣ ማለትም በ200 ግራም ውስጥ ያለውን 240 ሚሊ ግራም ካልሲየም ከሙዝ ብቻ ለማግኘት ወደ 5 ኪሎ የሚጠጋ ሙዝ መብላት ያስፈልጋል። በአንድ መቶ ግራም ዘይቱን ውስጥ ያለውን ቫይታሚን ሲ ከእርጎ ለማግኘት ደግሞ ከ45 ኪሎ በላይ እርጎ! ስሌቱን የሠራችው የ8ኛ ክፍል ተማሪ ውጤቱን ሦስት ጊዜ ደጋግማ አስልታ ነው ያመነችው። ከዚያ ቀን ወዲህ «የትኛው ይበልጣል?» የሚለው ጥያቄ «በምን?» የሚል ጥያቄ ይከተለው ጀመር። ለእኔ የዓመቱ ትልቁ ለውጥ ይህ ነው።

ቁጥሩን በዓይን ለማየት ወደ ቤተ ሙከራ ገባን። ለቫይታሚን ሲ ሙከራ የሚያስፈልገው ከመድኃኒት ቤት የሚገዛ የአዮዲን ቲንክቸርና ትንሽ የበቆሎ ስታርች ነው። ስታርቹ በውሃ ፈልቶ ከቀዘቀዘ በኋላ አዮዲን ጠብ ሲደረግበት ወደ ጥቁር የሚያደላ ሰማያዊ ይሆናል። በዚህ ላይ የፍራፍሬ ጭማቂ በጠብታ ሲጨመር ቫይታሚን ሲ አዮዲኑን ስለሚለውጠው ቀለሙ ይለቃል። ጥቂት ጠብታ ከበቃው ጭማቂው በቫይታሚኑ የበለጸገ ነው ማለት ነው። ብርቱካን፣ ፓፓያ፣ ዘይቱን፣ ፖምና ከእርጎ የተጠለለ አጓት አሰለፍን። የዘይቱኑ ቱቦ ገና እንደተጀመረ ነጣ፤ አባላቱ ጠብታውን ለመቁጠር እንኳ ጊዜ አላገኙም። ብርቱካንና ፓፓያ ተከተሉት። የፖም ጭማቂ ጠብ እያለ፣ ጠብ እያለ ቀለሙ ንቅንቅ አልል አለ። አጓቱም የዘገየው ወገን ውስጥ ነው።

እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ ምክንያቱም ወላጆችም እንዲያነቡት እፈልጋለሁ። ታማሚ ስንጠይቅ፣ ልጅ ስንሸልም፣ ውድ ስለሆነ ብቻ ፖም የምንመርጥ ብዙዎች ነን። ፖም መልካም ፍሬ ነው፤ አሰሩም ጥሩ ነው። ቫይታሚን ሲው ግን በ100 ግራም 5 ሚሊ ግራም እንኳ አይሞላም። በየግቢው አጥር ሥር ወድቆ ወፍ የሚበላው ዘይቱን ከ40 እጥፍ በላይ ይበልጠዋል። ዕድሜው ከ9 እስከ 13 ለሆነ ልጅ በቀን የሚመከረው ቫይታሚን ሲ 45 ሚሊ ግራም ነውና አንዲት ትንሽ ዘይቱን አሟልታ ታተርፋለች። አሰሩም በ100 ግራም 5 ግራም ያልፋል። ዘይቱን የድሃ ፍሬ ተደርጎ መታየቱ ያሳዝነኛል።

የፕሮቲን ሙከራው አጭር ነበር። ፕሮቲን ሲኖር ሰማያዊው ፈሳሽ ወደ ወይን ጠጅ በሚለወጥበት የባዩሬት ፍተሻ የእርጎው ቱቦ ወይን ጠጅ መልክ ያዘ፤ የፓፓያው እንደ ኮፐር ሰልፌቱ ሰማያዊ ሆኖ ቀረ። «እርጎ ያጠነክራል» ያሉት አባላት በዚህ ተደሰቱ፤ ልክም ናቸው። በአንድ ብርጭቆ እርጎ ያለው 7 ግራም ፕሮቲን ከአንድ እንቁላል የማያንስ ነው። ቫይታሚን ቢ12ም ከእርጎ እንጂ ከፍራፍሬ አይገኝም።

ኅዳር ላይ እርጎውን ራሳችን አረጋን። የአንዲት አባላችን አያት በክብር ተጋብዘው መጡና ቅሉን በወይራ ጭስ ሲያጥኑ አሳዩን። ፍም ላይ የተደረገውን የወይራ ስንጣሪ ቅሉ ውስጥ ከተው፣ አፉን በእጃቸው ከድነው፣ ጭሱ ውስጡን እስኪያለብሰው አንገላቱት። ከዚያ ከሰሉን አራግፈው፣ በንጹሕ ጨርቅ ወልውለው ወተቱን ገለበጡበት። «እማማ፣ ለምን ይታጠናል?» ብለው ሲጠይቋቸው «ጠረን እንዲኖረውና ቶሎ እንዳይበላሽ ነዋ ልጆቼ» አሉ። ሳይንሱም የሚለው ይህንኑ ነው፤ በጭሱ ውስጥ ያሉት ንጥረ ነገሮች የማይፈለጉ ተሕዋስያንን ያዳክማሉ። የሚፈለጉት ባክቴሪያዎች የወተቱን ስኳር ላክቶስን ወደ ላክቲክ አሲድ ይቀይራሉ፤ አሲዱ ሲጨምር ኬዚን የተባለው ፕሮቲን ይረጋል። ወተት ሲጠጣ ሆዱን የሚነፋው አንድ አባላችን እርጎ ለምን እንደሚስማማው የገባው በዚህ ቀን ነው፤ ከላክቶሱ ከፊሉን ባክቴሪያዎቹ ቀድመው ጨርሰውለታል።

ከእማማ ጋር በአንድ ነገር ረዘም ያለ ውይይት አድርገናል። በልማዳችን እርጎ የሚረጋው ካልፈላ ወተት ነው። ያልፈላ ወተት ደግሞ ብሩሴሎሲስንና የከብት ሳንባ ነቀርሳን ወደ ሰው ሊያስተላልፍ ይችላል፤ መጎምዘዙም ሆነ መታጠኑ ሙሉ ዋስትና አይሆንም። መፍትሔው ቀላል ነው፤ ወተቱን አፍልቶ፣ ለብ ሲል ከትናንቱ እርጎ አንድ ማንኪያ እርሾ ጨምሮ በታጠነው ቅል ማርጋት። ካልሲየሙ በመፍላት አይጠፋም፤ የወይራው ጠረንም አለ። እማማ ቀምሰው «ይሄም እርጎ ነው» ብለው መረቁን።

በታኅሣሥ እርጎንና ፍራፍሬን አብረን ለመብላት ሞከርን። ማንጎ ገና ስላልደረሰ ከቅዳሜ ገበያ ፓፓያና ሙዝ ገዝተን፣ ከትፈን ለየብቻ ከእርጎ ጋር ቀላቀልን። ወዲያው ሲበላ ሁለቱም ግሩም ነበሩ። የተረፈውን ሸፍነን አሳደርነው። በማግሥቱ የሙዙ መልኩ ጠየም ከማለቱ በቀር ደህና ነው፤ የፓፓያው ግን ቀጥኖ፣ ውሃ አቅርሮ፣ ምላስ ላይ የሚቆይ ምሬት አምጥቷል። አባላቱ እርጎው ተበላሽቷል ብለው ነበር። ግን ሁለቱም ከአንድ ቅል የተቀዱ ናቸው። ምክንያቱ ፓፔን ነው፤ ፓፓያ ውስጥ ያለ ፕሮቲን የሚቆራርጥ ኢንዛይም። የእርጎውን ኬዚን ሲቆራርጥ ከሚወጡት ቁርጥራጮች መራራ የሆኑ አሉ። አናናስም ብሮሜሌን የሚባል ተመሳሳይ ኢንዛይም ስላለው ጥሬውን አሳድረን መረረ፤ አፍልተን ያቀዘቀዝነውን ስንቀላቅል ግን አልመረረም፤ ኢንዛይሙን ሙቀት ገድሎታልና። ስለዚህ ፓፓያን ከእርጎ ጋር የምትወዱ ሁሉ ቀላቅላችሁ ወዲያው ብሉት እንጂ ምሳ ዕቃ ውስጥ አታሳድሩት።

የካቲት ላይ ዐቢይ ጾምና ረመዳን ተከታትለው ገቡ። ክበቡ በማንም ጾም አይገባም፤ የአባላቱ ጥያቄ ግን መልስ ይፈልግ ነበር። የሚጾሙት ኦርቶዶክሳውያን አባላት ለ55 ቀናት እርጎ አይቀምሱም፤ ካልሲየሙ ከየት ይምጣ? ፍራፍሬ ይህን ክፍተት አይሞላም፤ ከሙዙ ስሌት ያየነው ነው። የሚሞላው ከጓዳችን ያለው ነው። በ100 ግራም የጤፍ እህል ውስጥ ወደ 180 ሚሊ ግራም ካልሲየም አለ፤ ጎመንና ሰሊጥም ያግዛሉ። ቢ12 በጾም ምግብ ውስጥ የለም፤ የጤነኛ ሰው ጉበት ግን ለረጅም ጊዜ የሚበቃ ስለሚያከማች የሁለት ወር ጾም አያሰጋውም። ሙስሊም አባሎቻችን ደግሞ በኢፍጣር ሰዓት ከቴምሩ ቀጥሎ ብርቱካን ወይም ፓፓያ ማከል እንደሚበጅ ለቤተሰቦቻቸው አስረድተዋል፤ ቴምር ኃይልና አሰር ይሰጣል፣ ቫይታሚን ሲው ግን ኢምንት ነው።

በሁለተኛው ወሰነ ትምህርት በሚኒ ሚዲያ በሰልፍ ሰዓት ደጋግመን ያስተላለፍነው መልእክት ስለ ሰዓት ነው። ከጤፍ፣ ከሽሮና ከምስር የምናገኘው ብረት በቀላሉ ወደ ደም አይገባም። ቫይታሚን ሲ በአንድ ማዕድ ሲገኝ የሚገባው መጠን ከፍ ይላል፤ ካልሲየምና ሻይ ግን ያግዱታል። ስለዚህ ብርቱካን፣ ዘይቱን ወይም ፓፓያ ከእንጀራው ጋር ወይም ወዲያው ተከትሎ ቢበላ፣ እርጎው ደግሞ ለመክሰስ ቢቆይ ከሁለቱም የበለጠ እንጠቀማለን። በተለይ ደም ማነስ ለሚያሰጋቸው ልጃገረዶች ይህ ምንም ወጪ የማይጠይቅ እርምጃ ነው። ምሳ በልቶ ወዲያው ሻይ የመጠጣት ልማዳችንንም ብናስብበት እወዳለሁ። ማንጎ ግን ከእርጎ ጋር ሲበላ ያተርፋል፤ ቢጫ ያደረገው ካሮቲን በሰውነታችን የሚመጠጠው ቅባት ሲያገኝ ነው።

በሱቅ ስለሚሸጠው ባለ ጣዕም እርጎም ጥያቄ መጥቶልናል። ያልጣፈጠ እርጎ ከወተቱ የመጣ 5 ግራም ያህል ስኳር በ100 ግራም አለው፤ እንጆሪ የተሳለበት ኩባያ ብዙ ጊዜ ከዚህ እጥፍና ከዚያ በላይ ይይዛል። ሥዕሉን ትታችሁ ጀርባውን አንብቡ።

ሰኔ ላይ ድምፁ ድጋሚ ሲሰጥ አባላቱ ሁለት ቦታ ተከፈሉ፤ ምሳው ላይ ፍራፍሬ ያልበላ ፍራፍሬ ይግዛ፣ ጠዋት ወተትም እንቁላልም ያላገኘ እርጎ ይግዛ የሚል ውሳኔም አጸደቁ። የእኔም ድምፅ ከዚህ ጋር ነው። አንዱን ብቻ ምረጥ ከተባልኩ ግን ለተማሪዎቻችን ፍራፍሬን አስቀድማለሁ፤ በምሳ ዕቃዎቻቸው ውስጥ እንጀራና ሽሮ እንጂ ፍራፍሬ አይቼ አላውቅም ለማለት እደፍራለሁ።

ለቤተ ሙከራ ረዳታችን፣ ቅላቸውን ላዋሱን ወላጆችና ለእማማ ክበቡ ከልብ ያመሰግናል። በሚመጣው ዓመት በደቡቡ አጥር በኩል የዘይቱን ችግኝ ለመትከል ከአካባቢ ጥበቃ ክበብ ጋር ተስማምተናል፤ በፀሐይ የደረቀ ማንጎ ምን ያህል ቫይታሚን ሲ እንደሚቀርለትም እንፈትሻለን። አንድ ትክክለኛ የግራም ሚዛን ግን ያስፈልገናል፤ መርዳት የሚችል ወላጅ ካለ ለትምህርት ቤቱ አስተዳደር ያሳውቅልን። የአዲስ አባላት ምዝገባ በመስከረም በባዮሎጂ ቤተ ሙከራ ይካሄዳል፤ ከ5ኛ እስከ 8ኛ ክፍል ያላችሁ ሁሉ መመዝገብ ትችላላችሁ።