ሁለት ጊዜ የተተከለው ድንች፦ የጓሮ አትክልት ክበብ የዓመቱ ዘገባ

ዘንድሮ ክበባችን ድንች ተከለ። ሁለት ጊዜ። የመጀመሪያው በሰበሰ፤ ጥፋቱም የእኔ ነበር። ሌሎቹ ክበባት ዋንጫና ምስክር ወረቀት ይዘው ስለሚቀርቡ እኔ ከበሰበሰው ልጀምር።

ጥቅምት ላይ 34 ልጆች ተመዘገቡ። ግማሾቹ ሚኒ ሚዲያ ሞልቶባቸው የመጡ ናቸው፤ አልከፋኝም። የተሰጠን ቦታ ከቤተ ሙከራው ጀርባ፣ የተሰባበሩ ዴስኮች የተቆለሉበት ጥግ ነው። ዴስኮቹን ስናነሳ ከሥር ዋልካ ጠበቀን። የባሕር ዳር ሰው ዋልካን ያውቀዋል። ሲረጥብ ጫማ ያስቀራል፣ ሲደርቅ ደግሞ ጣት የሚያስገባ ስንጥቅ ይሆናል። ድንች ለስላሳና ውሃ የማይቋጥር አፈር ነው የሚወደው። ስለዚህ መደቡን ከፍ አደረግን። የደረቀ እበትና የበሰበሰ ቅጠልም ቀላቀልንበት።

አንዱ ልጅ እምቦጭ ከጣና አምጥተን ኮምፖስት እንሥራ አለ። ሐሳቡን ወደድኩለት። ግን የእምቦጭ ዘር አፈር ውስጥ ለዓመታት ሳይሞት ይቆያል። ዝናብ ሲመጣ ከግቢያችን የሚወጣው ጎርፍ ደግሞ መጨረሻው ያው ሐይቁ ነው። ተውነው።

መደቡ 6 ሜትር በ3 ሜትር ነው። በመስመሮቹ መካከል 75 ሳንቲ ሜትር፣ በተክል መካከል 30 ሳንቲ ሜትር ስንተው አራት መስመር ወጣ፤ በእያንዳንዱ 20፣ ባጠቃላይ 80 ጉድጓድ። የሒሳብ መምህራችን ይህን ስሌት ለክፍል ሥራ ተጠቀሙበት፤ ሳያስፈቅዱኝ።

ኅዳር 7 ቀን፣ ቅዳሜ፣ ከገበያ የገዛሁትን ድንች ይዤ መጣሁ። ትልልቅ፣ ልጥጥ ያለ፣ ዓይን የሚሞላ ድንች። በቢላ ቆራረጥነው፤ ለእያንዳንዱ ቁራጭ ቢያንስ አንድ ዓይን እየተውን። እዚያው ተከልን፣ ውሃም አጠጣን፤ ጀሪካን በጀሪካን ላይ። በመሀል አንዲት የ6ኛ ክፍል ልጅ ጠጋ ብላ፣ «ቲቸር፣ እናቴ ድንች ሳያጎነቁል አይተከልም ትላለች» አለችኝ። «መሬት ውስጥ ያጎነቁላል» ብዬ አለፍኳት።

እናትየዋ ልክ ነበሩ።

ወር ሊሞላው ሲል ከ80 ጉድጓድ ብቅ ያለው 19 ብቻ ነበር። ቆፍረን አየን። ሽታውን የቀመሰው ሁሉ አፍንጫውን ይዞ ሮጠ። ምክንያቱን በኋላ ቁጭ ብለን ዘረዘርነው። የኅዳር ገበያ ድንች በክረምት አድጎ ገና የተቆፈረ ነው። ድንች ከተቆፈረ በኋላ ሁለት ሦስት ወር ይተኛል፤ ቢተክሉትም አይነሳም። የተቆረጠው ገጹ ደግሞ ጥቂት ቀን ጥላ ውስጥ ቆይቶ ቁስሉ መድረቅ ነበረበት። እኛ ግን እርጥብ ቁስሉን ውሃ በቋጠረ ዋልካ ውስጥ ቀበርነው። ከዚህ በላይ እንዴት ይበሰብስ!

ይህም አልበቃ። ከ19ኙ ሰባቱ እኩለ ቀን ላይ አረንጓዴ እንደሆኑ ጠወለጉ። ጠዋት ቀና ይላሉ፣ ከሰዓት ይወድቃሉ። ልጆቹ ውሃ ጠምቷቸው ነው ብለው ጀሪካን ሊያመጡ ሲሮጡ አስቆምኳቸው። አንዱን ተክል ነቅለን ከግንዱ ግርጌ ጣት የምታክል ቁራጭ ቆረጥን። ንጹሕ ውሃ የሞላ ብርጭቆ አፍ ላይ በክር አንጠለጠልናት፤ ጫፏ ብቻ ውሃውን ትነካለች። ብርጭቆውን መስኮት አጠገብ አስቀምጠን ዙሪያውን ከበብነው። ጥቂት ደቂቃ ቆይቶ ከተቆረጠው ጫፍ ወተት የመሰለ ቀጭን ክር ወደ ታች መውረድ ጀመረ። እየተጠማዘዘ፣ ሳይቸኩል። ከኋላ አንዱ «ጢስ ተገልብጦ ሲወጣ ይመስላል» አለ። ክሩ ባክቴሪያ ነው። የግንዱን የውሃ ቧንቧ የደፈነው እሱ ስለሆነ ተክሉ ውሃ ውስጥ ቆሞ ይጠማል። ስለ ባክቴሪያ ስንት ዓመት አስተምሬያለሁ። እንደዚያ ቀን ጸጥ ያለ ክፍል ግን አላስታውስም።

በሽታው አጠውልግ ይባላል። የሚረጭ መድኃኒት የለውም። በዘር፣ በውሃ፣ በዶማ፣ እኛ በተጠቀምንበት ቢላም ይተላለፋል። ሁሉንም ነቅለን አቃጠልን፣ ዶማዎቹን በበረኪና አጠብን። በዚያ መደብ ላይ ለዓመታት ድንች፣ ቲማቲም፣ ቃሪያም ሆነ በርበሬ አይተከልም፤ የአንድ ቤተሰብ ልጆች ናቸውና በሽታውን ይጋራሉ። «በርበሬም?» ያለው ልጅ ፊቱ አሳዘነኝ።

ሁለተኛውን ከአጥሩ ወዲያ ጥግ፣ ውሃው ከታመመው መደብ በማይደርስበት ቦታ አዘጋጀን። ዘሩን የአንድ ተማሪ አጎት በአዴት በኩል ካሉ ዘር አባዥ ገበሬዎች ገዝተው አመጡልን፤ በለጠ የሚባለው ዝርያ። አዴት የግብርና ምርምር ማዕከል ያለበት ከተማ ስለሆነ በአካባቢው የዘር ድንች ነገር የሚገባቸው ገበሬዎች አሉ። ስምንት ኪሎ ብቻ ነው፤ እያንዳንዱ የዶሮ እንቁላል ያክላል። ስለዚህ ቢላ አላስፈለገም። በእንቁላል ካርቶን ላይ ደርድረን፣ ፀሐይ በቀጥታ በማያገኘው የቤተ መጻሕፍት መስኮት ሥር አስቀመጥነው። ብርሃን ያገኘ ጉንቁል አጭርና ወፍራም ይሆናል። ጨለማ ውስጥ ያደገው ግን ነጭ፣ ረጅም፣ ሲነኩት ስብር የሚል ነው። አንባቢዎች ሽታ አለው ብለው አጉረመረሙ። የለውም።

ታኅሣሥ 19 ቀን ጉንቁሉን ወደ ላይ አድርገን ተከልን። በአንድ ጉድጓድ አንድ። የጠወለገች ካለች ብለው በየቀኑ የሚመጡ ልጆች ነበሩ። 76ቱ በቀሉ።

ከዚያ በኋላ ያለው ብዙ ወሬ የለውም፤ መኮትኮት፣ ማጠጣት፣ እንደገና መኮትኮት። ግቢያችን ውሃ በፈረቃ ስለሚያገኝ የማጠጣቱን ተራ ወረቀት ላይ አወጣን። ወረቀቱ ለገና አልሠራም፣ ለጥምቀት አልሠራም፣ ለፈተና ሰሞንም አልሠራም። ያጠጡት ዘበኛችን ናቸው። ስማቸውን እንዳልጽፍ ስለለመኑኝ «ጋሼ» ብቻ ልበላቸው።

አንድ ነገር ላይ ግን ልቆይ፤ አፈር ማስታቀፍ። ተክሉ አንድ ስንዝር ሲሆን አፈሩን ከሁለት በኩል ወደ ግንዱ እንሰበስባለን፤ ከሦስት ሳምንት በኋላ እንደገና። ልጆቹ ለምን እንደሆነ የገባቸው አንዷን ተክል በጣታችን ቀስ ብለን ስንገልጣት ነው። ድንች ሥር አይደለም፤ ያበጠ ግንድ ነው። ዓይን የምንለውም እምቡጡ ነው። ከተተከለው ድንች በላይ፣ አፈር ውስጥ ካለው ግንድ በጎን በሚወጣ ቅርንጫፍ ጫፍ ላይ ያብጣል። አፈር ከጎደለው ፀሐይ ያገኘውና አረንጓዴ ይሆናል። አረንጓዴው ይመራል፣ ሆድም ይጎዳል። የዋልካው ስንጥቅ ሌላ ጣጣ አለው፤ የድንች የእሳት እራት በዚያ ስንጥቅ ገብታ እንቁላሏን ትጥላለች። ስለዚህ ደረቅ ሣር አለበስነው። ከየካቲት በኋላ ለሚመጣው የባሕር ዳር ሙቀትም ሣሩ ደግ ነው፤ አፈር ከጋለ ድንች ማበጥ ይተዋል።

እግረ መንገዴን ስለ ታሪኩም ነገርኳቸው። ድንች እንግዳ ነው። ትውልዱ ደቡብ አሜሪካ፣ የአንዲስ ተራሮች። ወደ አገራችን ያስገባው ቪልሄልም ሺምፐር የተባለ ጀርመናዊ የዕፅዋት ተመራማሪ ነው ይባላል፤ እ.ኤ.አ. በ1850ዎቹ መጨረሻ። «ታዲያ ከዚያ በፊት በጾም ምን ይበላ ነበር?» አለ አንዱ። ሽሮ ይመስገን።

እያንዳንዱ አባል ሦስት ሦስት ያጎነቆለ ድንች ወደ ቤቱ ይዞ ሄዶ ነበር። የስምንት ኪሎው ትርፍ ስላልበቃ የራሴን ጨመርኩ። ጓሮ የሌላቸው በማዳበሪያ ጆንያ ተከሉ፦ ሥሩን በስቶ ሲሶውን አፈር መሙላት፣ ተክሉ ሲረዝም አፈር እየጨመሩ ጆንያውን ከፍ ማድረግ። ሪፖርት ያመጡት 21 ናቸው። የአንዱን አከራይ «ግቢዬን እርሻ አደረጋችሁት» ብለው ጆንያውን ከበር ውጭ አወጡት። የአንዷ እናት ሁለት ወር ሳይሞላው ቆፍረው ወጥ ሠሩበት፤ ስድስት ፍሬ፣ ሎሚ ሎሚ የሚያካክል። ሐይቁ ዳር የምትኖረው ልጅ ድንቹ ተርፎላታል፤ ጎመኑን ግን ጉማሬ በሌሊት ወጥቶ ጨርሶታል። ልጆቹ አላመኗትም። እኔ አምናታለሁ።

ምርት የሰበሰብነው በሆሳዕና ዋዜማ፣ ቅዳሜ ነው። ከሁለት ሳምንት በፊት ግንዱን አጭደን ነበር፤ ልጡ እንዲጠና። በአውራ ጣት ስንፈገፍገው ልጡ አልተላጠም። ዶማ እንዳይወጋው በእጅ ቆፈርን። ከጎረቤት ሱቅ በተዋስነው ሚዛን 31 ኪሎ ሆነ። የምርምር ሰው ያየው ይስቃል። ልጆቹ ግን ሚዛኑን ሦስት ጊዜ አስደገሙኝ። ጥቂቶቹ በትል የተቦረቦሩ ነበሩ፤ ለየናቸው። የቀረውን ቀቅለን በሚጥሚጣ በላን፤ ጾም ስለነበር ለሁሉም ተመቸ። ለጋሼ አንድ ፌስታል ተለይቶ ተሰጠ።

ለዘር ይቀመጥ ያሉ ነበሩ። እምቢ አልኩ። ሁለት ተክሎች እዚያም ጠውልገው ነቅለናቸዋል፤ አጠውልግ ደግሞ ደህና በሚመስል ድንች ውስጥ ተደብቆ ይሻገራል። ለከርሞ ዘሩን እንደገና እንገዛለን። ለዚህ ክበቡ በጀት ያስፈልገዋል፤ ለርዕሰ መምህሩ በጽሑፍ አቅርቤያለሁ።

የታመመው መደብ ላይ ግንቦት መጨረሻ በቆሎ ዘርተናል። ክረምቱን ለአረም የሚመጣ ልጅ ቁልፉን ከጋሼ ይቀበል። ዶማዎቹ ሦስት ናቸው፤ የአንደኛው እጀታ ተሰብሯል።