ዋሽንቴን ለቀቅ አድርጉልኝ

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል

ጤና ይስጥልኝ። በቀደም የትርፍ ጊዜ ችሎታን ወደ ገንዘብ ስለመቀየር ያወጣችሁትን ጽሑፍ አነበብኩት። ደግሜም አነበብኩት። ከዚያ ተናደድኩ። ጸሐፊው ክፉ አስበው እንዳልሆነ ይገባኛል፣ ኑሮው እንደምታውቁት ነው፣ ሰው ሁለተኛ ገቢ ቢፈልግ አይፈረድበትም። ግን ገቢ የማታመጣ ሰዓት የባከነች ናት የሚለው ቦታ ላይ ስደርስ ጋዜጣውን አስቀመጥኩት። የኔን ቅዳሜ ነዋ የሰደቡብኝ።

እኔ የ46 ዓመት ሰው ነኝ። የምኖረው ደብረ ብርሃን ነው። ሥራዬ የአንድ መሥሪያ ቤት ንብረት ክፍል ውስጥ ነው። ዕቃ ሲገባ ሞዴል 19፣ ሲወጣ ሞዴል 22፣ ከሥር ፊርማ። እስክሪብቶ እንኳን ያለ ወረቀት ከእጄ አይወጣም። ሃያ ዓመት እንዲህ ስኖር ጭንቅላቴም መጋዘን ሆኗል መሰለኝ፣ ማታ ሽሮዬን እየበላሁ ማን ምን ወስዶ እንዳልመለሰ እቆጥራለሁ። አምና በቆጠራ ጊዜ ወንበሮች ጎደሉ ተባለ። ሦስት ወር ሙሉ ደብዳቤ ስጽፍና ስመላለስ ከርሜ፣ መጨረሻ ላይ ወንበሮቹ ፎቅ ላይ አንድ አለቃ ቢሮ ተገኙ። ያለ ወረቀት ነበር ያስወሰዷቸው። ይቅርታ ያለኝ የለም። ይሁን፣ ወደ ዋሽንቱ ልግባ።

በዚያ ሰሞን ሽንኩርት ልገዛ ገበያ ወጥቼ አንድ ሽማግሌ ዋሽንት ዘርግተው አየሁ። አንዱን አነሳሁና ጣቶቼን አሳረፍኩበት። አራት ቀዳዳ። ጣቶቼ ቦታቸውን ራሳቸው አገኙት። ልጅ ሆኜ መንዝ ውስጥ በግ ስጠብቅ እነፋ ነበር። ስምንተኛ ክፍል ስገባ አባቴ የተማረ ሰው እንደ እረኛ አይነፋም ብለው ወሰዱብኝ፣ የት እንዳደረጉት እስከ ዛሬ አላውቅም። ያን ቀን ሽንኩርት ሳልገዛ ተመለስኩ። ባለቤቴ አየችኝና "ይሄንን ነው የማቁላላው?" አለች።

ቤት ውስጥ መንፋት አልተቻለም። ሬዲዮ ላይ የሙት ዜና ሲነበብ ከኋላ የምትሰማዋን ዋሽንት ታውቋታላችሁ አይደል? ጎረቤት ለቅሶ መስሏቸው ይመጡብናል አለችኝ። እውነቷን ነው። ስለዚህ ቅዳሜ ቅዳሜ በሬሳ ወንዝ ዳር መውጣት ጀመርኩ። መጀመሪያ በጠዋት ሞክሬ ነበር፣ አልሆነም። ከተማችን ከ2,800 ሜትር በላይ ላይ ነው የተቀመጠችው፣ በኅዳርና በታኅሣሥ ሣሩ ውርጭ ለብሶ ነው የሚያድረው። ጣት ከቀዘቀዘ ደግሞ ቀዳዳውን በደንብ አይደፍንም፣ አየር ያመልጣል። አሁን ፀሐይ ጠንከር ስትል ነው የምወጣው።

ላልሞከራችሁት ልንገራችሁ፣ ዋሽንት እንደ ፊሽካ አፍ ውስጥ ተከትቶ አይነፋም። ዘንበል አድርጎ ከንፈር ላይ ማስደገፍ ነው፣ ከዚያ ትንፋሹን ጠርዙ ላይ መስበር። የስንዴ ቅንጣት ታህል ከሳትክ የሚወጣው ፍፍፍ ብቻ ነው። እኔ ሁለት ወር ፍፍፍ ስል ከረምኩ። አንድ ከሰዓት በኋላ ግን ድምፁ ድንገት ወፍሮ ወጣ፣ እንጨቱ እጄ ውስጥ ሲንቀጠቀጥ ተሰማኝ፣ ደንግጬ አቆምኩ። አራቱም ሲደፈኑ አንድ ድምፅ፣ አንድ በአንድ ሲከፈቱ አራት፣ በድምሩ አምስት። ቅኝቶቻችን፣ ትዝታም ባቲም አምባሰልም አንቺ ሆዬም፣ የሚሄዱት በአምስት በአምስት ድምፅ ነው። እኔ ገና ትዝታ ላይ ነኝ፣ ያውም ግማሹ ላይ። አንቺ ሆዬን ሞክሬ አልሆን ሲለኝ ተውኩት። ለምን ተውክ ያለኝ የለም፣ ማብራሪያ ጻፍ ያለኝም የለም። ሳምንቱን ሙሉ ከዚህች በቀር እንዲህ ያለ ነገር የለኝም።

ልጄ 17 ዓመቱ ነው፣ ከስልኩ ጋር ነው የሚውለው። "አባዬ፣ ጋቢህን ለብሰህ ወንዙ ዳር ቁጭ በል፣ ልቅረጽህና ቲክቶክ ላይ ልልቀቀው፣ ከዚያ ላይቭ እንገባለን፣ አንበሳ ይወርድልሃል" አለኝ። አንበሳ የሚሉት ተመልካች የሚልከውን፣ ወደ ገንዘብ የሚቀየር ስጦታ ነው። እሺ አልኩት። ከፋኝ እንጂ ምን ልበላችሁ። ትንሽ ወደ ግራ፣ ቀና በል፣ እሷን ድገማት፣ አሁን ፈገግ በል። ትንፋሼ አጠረ። ማታ ደግሞ የባሰ መጣ። 43 ሰው አየው አለኝ፣ ትንሽ ቆይቶ 61 አለኝ፣ እኔም አልጋ ውስጥ ሆኜ ስንት ደረሰ፣ ማን ወደደው፣ ማን አልወደደውም ስል ሌሊቱ ተጋመሰ። ሞዴል 19 ጋቢ ለብሶ ወንዝ ድረስ ተከተለኝ! በሦስተኛው ቀን አስጠፋሁት። ልጁ ትንሽ አኩርፎ ተወው።

እኛ መንዞች ይሄን ነገር፣ ሳይነኩ መተውን፣ ድሮ በመሬት አውቀነው ነበር። የመንዝ ጓሳን ታውቁት ይሆናል፣ ቀይ ቀበሮና ጭላዳ ያለበት ደጋ ነው፣ ስፋቱ 100 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ ይሆናል። አያቶቻችን በቄሮ ሥርዓት ነበር የሚጠብቁት (ወደ ፖለቲካ እንዳትሮጡብኝ፣ የድሮ የመንዝ ደንብ ነው)። አባ ቄራ የሚባል ኃላፊ ይመረጣል፣ ጓሳው ከሦስት እስከ አምስት ዓመት ይዘጋል፣ ሣር ማጨድም ከብት ማሰማራትም የለም። ሲከፈት ነው ሰው ለቤት ክዳኑ፣ ለገመዱ የሚያጭደው። ከ1967ቱ የመሬት አዋጅ በኋላ ሥርዓቱ ተዳከመ፣ ጓሳውም ተጎዳ፣ በኋላ ሕዝቡ ራሱ ተመልሶ ደንብ አውጥቶ ያዘው። ያ ሁሉ ሣር ቆሞ፣ ከብት እየራበው፣ አይነካም ማለት ለዘመኑ ሰው ሞኝነት ሊመስል ይችላል። እኔ ግን ቅዳሜዬን ዘግቻታለሁ።

ነፍቶ የሚበላውን አልቃወምም። አዝማሪው እንጀራው ነው፣ እጁን ይባርክለት። እኔ የምለው ሁሉንም ነገር ወደ ሱቅ አታስገቡብን ነው። ባለቤቴም የራሷ አላት፣ ቅዳሴ ካለቀ በኋላ ሰው ሁሉ ሲበተን ቤተ ክርስቲያኑ ግቢ ዛፍ ሥር ግማሽ ሰዓት ትቀመጣለች። ምን እንደምታስብ ጠይቄያት አላውቅም። እስክትመጣ ቡናውን የምቆላው እኔ ነኝ፣ አንዳንዴም አሳርረዋለሁ።

ባለፈው ቅዳሜ ወንዙ ዳር አንድ እረኛ ልጅ መጣ፣ አሥር ዓመት ቢሆነው ነው። ጅራፉን አንገቱ ላይ ጠምጥሞ ቆሞ አዳመጠኝ። ከዚያ "ጋሼ፣ ይቺን ጣት ቶሎ ነው የሚያነሷት" አለኝ። ሰጠሁት፣ ነፋው፣ ከኔ በብዙ ይሻላል። መለሰልኝና ግራ ቀኙን ሲቃኝ ቆየ።

"በጎችዎ የታሉ?" አለኝ።

"ቢሮ ትቻቸው መጣሁ" አልኩት።

አንባቢያችሁ
ከደብረ ብርሃን