የሜካኒክስ ክበብ የዓመቱ ዘገባ፦ አንድ ጎማ ለማውለቅ

የሜካኒክስ ክበባችን ዘንድሮ 18 አባላት ይዞ የሠራው አንድ ሥራ ብቻ ነው፤ እርሱም በትምህርት ቤቱ ጓሮ ለዓመታት ቆሞ የኖረውን ማሲ ፈርጉሰን 135 ትራክተር አንሥቶ የኋላ ጎማዎቹን መጠገን ነው። ለአንድ ዓመት ይህ ጥቂት ነው የሚል አንባቢ አይጠፋም። ሆኖም በክሪክ ማንሣት የደቂቃዎች ጉዳይ ሲሆን፣ የተነሣው ሳይንሸራተት እንዲቆይ ማድረግ ግን ራሱን የቻለ ሙያ ነው፤ ጊዜያችን ያለቀውም እዚያ ላይ ነው።

ይህ ትራክተር እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹና በ1970ዎቹ ይመረት ከነበረው፣ ባለ ሦስት ሲሊንደር ናፍጣ ሞተር ካለው ዓይነት ነው፤ ክብደቱም ወደ አንድ ቶን ተኩል ይጠጋል። የእኛው ደግሞ መሬት እንዲቆነጥጥ ተብሎ በኋላ ጎማዎቹ ካላማዳሪያ ውስጥ ውኃ ተሞልቶበታል። አንዱ ጎማ ከ100 ሊትር በላይ ስለሚይዝ፣ ውኃውን ሳያፈስሱ ማውለቅ ሰው ያስጎዳል። ስለዚህ ቫልቩ ወደ ታች እስኪመጣ ትራክተሩን ገፋ አድርገን ውኃውን ለቀቅነው። ዝገት የቀላቀለ ውኃ ሲወርድ ባየን ጊዜ ቸርኬው በምን እንደተበላ ገባን።

የመጀመሪያው ሙከራችን አልተሳካም፤ ጥፋቱም የእኔ ነበር። የኮምቦልቻ መረሬ በበጋ እንደ ድንጋይ ይጠነክራል፤ የበልግ ዝናብ ሲነካው ግን ሊጥ ይሆናል። በመጋቢት አንድ ቅዳሜ፣ ላዩ ደርቋል ብዬ ከክሪኩ ሥር አንዲት ቀጭን ጣውላ ብቻ አስገባሁ። ጎማው አራት ጣት ያህል ከመሬት እንደለቀቀ ጣውላዋ ባንድ ወገን ሰጠመች፣ ክሪኩ አጋደለ፣ ትራክተሩም ተመልሶ ዘጭ አለ። ከሥሩም ሆነ ከጎኑ ማንም እንዳይቆም ደንብ አውጥተን ስለነበር የተነካ ሰው የለም። ከዚያ ወዲያ ጎማዎቹን በአየር ነፍተን፣ አባላቱ ሁሉ ገፍተው ወደ ወርክሾፑ የሲሚንቶ ወለል አስገባነው።

ተማሪዎቹን ከሁሉ ይበልጥ ያስገረማቸው ሁለቱን የፊት ጎማዎች የሚያገናኘው ብረት፣ የፊት አክስሉ ነው። አክስሉ ከትራክተሩ አካል ጋር የተያያዘው መሐሉ ላይ ባለ አንድ ፒን በመሆኑ፣ የፊት ጎማዎቹ እንደ መሬቱ ወጣ ገባ ከፍና ዝቅ ይላሉ። ለማሳ የሚመች ይህ አሠራር ሲያነሡት አደጋ ይሆናል፤ ትራክተሩ አራት ጎማ ይኑረው እንጂ የሚቆመው እንደ ባለ ሦስት እግር በርጩማ ነው። ይህንን አንዲት የ10ኛ ክፍል ተማሪ ከባሕር ዛፍ ጭራሮ በሠራችው ሞዴል አሳየችን፤ የእኔ የሰሌዳ ሥዕል ያን ያህል አላስረዳም ነበር። መፍትሔውም በአክስሉና በአካሉ መካከል፣ በግራና በቀኝ፣ ከወይራ የተጠረበ ሽብልቅ አጥብቆ መሰንቀር ነው።

በማርሽ ማቆምም ብቻውን አያስተማምንም፤ አንዱ የኋላ ጎማ ከመሬት ሲለቅ ዲፈረንሻሉ (ሁለቱ የኋላ ጎማዎች በተለያየ ፍጥነት እንዲዞሩ የሚያደርገው ማርሽ) እርሱን በነጻ ስለሚያሽከረክረው ሌላው መንከባለል ይችላል። ፍሬኑም የሚይዘው የኋላዎቹን ብቻ ነው። በዚህ ምክንያት የፊት ጎማዎቹን ከፊትም ከኋላም በታኮ አገድናቸው። ከመጸዳጃ ቤቱ ግንባታ የተረፈ ብሎኬት ለመደገፊያ እንድንወስድ ተፈቅዶልን ነበር፤ አንዱን በመዶሻ መትተን እንዴት ሳያስጠነቅቅ እንደሚፈረካከስ ካሳየኋቸው በኋላ ግን የጠየቀኝ የለም።

በግንቦት መጨረሻ ዳዶዎቹን ጎማው መሬት ላይ እንዳለ አላላን፤ ክሪኩን ከጎማው አጠገብ ካለው የአክስል ቤት ሥር አስገብተን አነሣን፤ የብረት መደገፊያውን አስቀምጠን ክብደቱን በእርሱ ላይ አሳረፍን፤ ነቅንቀንም ሞከርነው። አልተነቃነቀም። የቀኙ ቸርኬ ተበይዶ፣ ካላማዳሪያውም ተለውጦ ተመልሷል። የግራው ለመስከረም ስለተላለፈ፣ ክረምቱን በመደገፊያ ላይ እንዳይከርም ትራክተሩን አውርደን፣ ታኮዎቹን ሳናነሣ ወርክሾፑን ቆልፈናል።